ጥርስ አልባ ጎማ

የዚያ ቤት ጋራዥ ከወጥ ቤቱ የሚለየው በአንድ የቆርቆሮ በር ብቻ ነበር፤ በሩም ከተሠራ ጀምሮ ገጥሞ አያውቅም። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የተባለው ሁሉ ወጥ ቤት ይሰማል፤ ወጥ ቤት የተጠበሰው ሁሉ ጋራዥ ይሸታል። እሁድ ጠዋት የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጥዳ ዳቦ እየቆረጠች ሳለ ታናሽ ወንድሟ ለአባታቸው ሲናገር ሰማችው።

«ዛሬ እሷ አትነዳም። የሚነዳው ጎሚስታው ነው። ጎማዎቹን ሲሰጠኝ በዚህ ተስማምተናል።»

ቢላዋው ዳቦው መሃል ቀረ። አባቷ የሚመልሱትን ለመስማት ትንፋሿን ያዘች። አባቷ አንዴ ሳሉ፤ የተቀመጡበት በርጩማ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወንድሟ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሮት ቀጠለ። «እዚያ ስንደርስ እነግራታለሁ። አሁን ከነገርኳት ቤቱን በላያችን ላይ ነው የምትንደው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መንዳት አስተማሪ ናት እንጂ ተወዳዳሪ አይደለችም። እስካሁን ያሳለፋት ዕድሏ ነው።» አባቷ ይህንንም ሰምተው ዝም አሉ። የወንድሟ ነገር አናደዳት፤ የአባቷ ዝምታ ግን ይበልጥ ጎዳት።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ሁለት ፍሬን ባላት ትንሽ ነጭ የማስተማሪያ መኪና ውስጥ ከጀማሪዎች ጎን ተቀምጣ «ቀስ... ቀስ... ፍሪሲዮኑን ቀስ» ስትል ስለምትውል ተማሪዎቿ «እትዬ ቀስ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙን አትጠላውም። የሌላ ሰው እግር ፍሪሲዮን ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ በመቀመጫዋ በኩል እየሰማች ዓመታት አሳልፋለች፤ ሞተሩ ሊይዝ ሲል፣ ሊጠፋ ሲል፣ ሊዘል ሲል ከተማሪው ቀድማ ታውቃለች። ድራግ በሚሉት ውድድር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ቀጥ ያለውን መንገድ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ኩርባ የለው፣ ዳገት የለው፣ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው አነሳሱ ላይ ነው። ወንድሟ እጁ ወርቅ ነው፤ ከሞተር ጋር ያወራል ይባልለታል፤ መብራት መጠበቅ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ መኪናዋን ተጋግዘው ሲገዙ ገና ከጅምሩ ሥራውን ተከፋፈሉ፤ እሱ ይሠራታል፣ እሷ ትነዳታለች። ባለ ሁለት በር አሮጌ ቀይ መኪና ናት። የሰፈሩ ልጆች ቀለሟን አይተው «ቲማቲም» አሏት። ሆዷ ውስጥ ግን የጎረቤት መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ባለ ተርቦ ሞተር ተኝቷል። ባለፈው እሁድ ተጋጣሚዎቿን በተራ ጎማ አንድ በአንድ ጥላ ለፍጻሜ ያለፈችው እሷ ናት።

ጎማዎቹ የመጡት በፍጻሜው ምክንያት ነው። የሚጠብቃት ተጋጣሚ አንድ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የእሱ ነጭ መኪና ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የኋላ ጎማ አላት። ተራ ጎማ በባዶ እየተሽከረከረ ሲያጨስ የእሱ አስፋልቱን ቆንጥጦ ይፈተለካል። ወንድሟ ትናንት ማታ ቲማቲምን ጎሚስታው ዘንድ ወስዶ፣ ተመሳሳይ ጎማ ከኋላ አስገጥሞ ሲመልሳት፣ ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ነበር። ሰፋፊ፣ ጥቁር፣ ሲነኳቸው እንደ ማስቲካ የሚለጠፉ። የአንዱ ዋጋ የቤት ኪራይ ያህላል ይባላል። ጎሚስታው «ያለኝን ወስደህ ተጠቀም» ብሎ በነጻ መስጠቱ ትንሽ ገርሟት ነበር፤ በምትኩ የሱቁን ስም በመኪናዋ በር ላይ በትልቁ ለጥፏል፣ ዋጋው ያ ብቻ መስሏት ነበር።

ወንድሟ የመኪና መጫኛውን ከጎሚስታው ጋር ይዞ ሊመጣ በእግሩ ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ምድጃውን አጠፋች። ቲማቲምን ጭነው ከወሰዷት እሷ የመጫኛው መኪና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሄድ ተመልካች ነች፤ ሜዳው ላይ ስትደርስ ደግሞ ሁሉ ነገር ያለቀለት ይሆናል። ይዛት ቀድማ ከደረሰች ግን ከወንበሩ ማን ጎትቶ ያወርዳታል? የቀድሞዎቹ ጎማዎች ጎሚስታው ሱቅ ቀርተዋል፤ ሱቁ እሁድ ዝግ ነው። ስለዚህ ከከተማው ዳር እስከ ዳር፣ ለመንገድ ባልተሠራ ጎማ፣ በጠራራ ቀን መንዳት ሊኖርባት ነው። ይህን ስታስብ ፈራች፤ ልቧ ግን ቀድሟት ጋራዥ ገብቷል።

አባቷ በርጩማው ላይ እንዳሉ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ረጅም ሰው ናቸው፤ ለእሁድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ስታነሳ አዩዋት። በሩን ወለል አድርጋ ስትከፍት አዩዋት። ሲነሱ፣ በሩን ሊዘጉባት ነው ብላ ቆመች። እሳቸው ግን በመኪናዋ ዙሪያ ዞረው፣ የተሳፋሪውን በር ከፍተው፣ ረጃጅም ጉልበታቸውን እንደ ምንም አጥፈው ገቡና ከየት እንደሚጀመር የማይታወቀውን የውድድር ቀበቶ ያገላብጡ ጀመር።

«ይሄ ነገር የት ነው የሚታሰረው?» አሉ።

አሰረችላቸው። ቲማቲም አንዴ አጓርታ ተነሳች፤ የጎረቤት ውሻ እንደ ወትሮው ጮኸ። ከግቢ ወጥተው ኮሮኮንቹን ሲይዙ ሌላ ዓለም ተጀመረ። የሩጫ ጎማ በሰፈር መንገድ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ማንም ነግሯት አያውቅም። ልስልሱ ጎማ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ ለጥፎ ያነሳና ፓራፋንጎው ሥር ይተፋዋል፤ መኪናዋ በቆሎ እንደሚፈነዳባት ድስት ትንጣጣለች። የጎማዎቹ ንፋስ ሆን ተብሎ ስለተቀነሰ ኋላዋ ፍራሽ ላይ እንደሚራመድ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ከባድ መኪኖች ያጎደጎዱትን ቦይ ባገኘች ቁጥር ራሷ መርጣ ትገባበታለች፤ መሪውን ሲመልሱላት እሺ ትልና ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። ፈርታለች፣ ይህን ለራሷ አልካደችም። ግን ፍርሃቱ ውስጥ ከእግሯ ጫማ የሚጀምር የሚያሳክክ ደስታ ነበረ። ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ስትጠብቅ የምትውል ሴት፣ እሁድ ጠዋት የገዛ መሪዋን ይዛ ከተማ ልትሻገር ነው።

ወደ ዋናው መንገድ ስትታጠፍ ነዳጁን የላባ ያህል ብትነካው ኋላዋ ጥሏት ሄደ። የመኪናዋ ጭራ ወደ እግረኛው መንገድ ተወረወረ፤ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አቅፋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። መሪውን ወደ ተወረወረችበት መለሰችላት፣ እግሯን አነሳች፣ ቲማቲም አንዴ ተወዛውዛ መስመሯን ያዘች። አባቷ በሁለት እጃቸው ዳሽቦርዱን ጨብጠዋል።

«ስላልሞቀ ነው» አለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ሲሞቅ ማስቲካ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሳሙና።»

አባቷ እጃቸውን ከዳሽቦርዱ አላቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እሷም ከዚያ ወዲህ ነዳጁን እንቁላል ከእግሯ ሥር እንዳለ እየረገጠች ሄደች።

አደባባዩ ጋ ስትደርስ ትራፊክ ፖሊሷ እጇን አነሳች። ቀይ መኪና፣ የሚያጓራ ማርሚታ፣ በሩ ላይ የጎሚስታ ማስታወቂያ፤ ባታስቆማት ነበር የሚገርመው። ፖሊሷ ፊቷን አኮሳትራ በመስኮቱ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ኮስታራነቱ ከፊቷ ላይ ወደቀ።

«እትዬ ቀስ! እርስዎ ነዎት?»

ወደ ኋላ ማቆም አቅቷት መሪው ላይ ተደፍታ ታለቅስ የነበረች ተማሪዋ ናት፤ የደንብ ልብሱ አሳምሯታል። መኪናዋን በዝግታ ዞረች፣ ከኋላ ቁጢጥ አለች፣ መዳፏን ጎማው ላይ አሳረፈች። ስትነሳ መዳፏ ላይ የተለጠፈውን ጠጠር አራገፈች። «እትዬ፣ ይሄ ጎማ እኮ ጥርስ የለውም።»

«ሁለት ቦይ አለው። መንገድ ላይ አይከለከልም፣ ታውቂያለሽ።»

«ለስሙ ነው እንጂ ምን አለው!» ፖሊሷ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከወደ ምዕራብ ደመናው እየጠቆረ ነው። «ለማንም እንዲህ አልልም፤ ግን እርስዎ ነዎት ዝናብ ላይ መጣደፍን ያስጠሉኝ። ይሂዱ፤ ዝናቡ ጠብ ካለ ግን ይቆማሉ። ቃል ይግቡልኝ።»

«ቃሌ ነው» አለች። አስተማሪ በተማሪዋ ፊት ቃል ስትገባ ማፈሯ አልቀረም።

ገበያውን አልፈው ትልቁ ድልድይ ሥር ሊገቡ ሲሉ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስታወቱ ላይ ተንጠባጠቡ፤ ወዲያው ሰማዩ እንዳለ ወረደ። ከመንገዱ አውጥታ ድልድዩ ሥር ዳር ይዛ ቆመች። ሞተር ብስክሌተኞች፣ ዣንጥላ ያልያዙ እግረኞች፣ ልብሱን በላስቲክ የሸፈነ የካልሲ ነጋዴ፣ ሁሉም እዚያው ተጠልሎ ቀይዋን መኪና ያያል። ቃሏን ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም የቆመችው። ጥርስ ያለው ጎማ ውሃውን በቦዮቹ ይተፋል፤ ይሄ ግን ውሃው ላይ ተኝቶ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ያኔ መሪም ፍሬንም የስም ብቻ ናቸው። ስልኳ ጠራ፤ ወንድሟ ነው። አላነሳችውም። ቀጥሎ የአባቷ ኮት ኪስ ጮኸ። አባቷ ስልኩን አውጥተው አራቅ አድርገው አዩትና አጥፍተው መለሱት። ዝናቡ ከድልድዩ ግራና ቀኝ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ሁለቱም ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ። ከዚህ ቀደም ለብቻቸው አንድ መኪና ውስጥ የተቀመጡበትን ጊዜ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«ጠዋት ያላችሁትን ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «እሱስ ይበለው። እርስዎ ግን ዝም አሉ።»

አባቷ ዓይናቸውን ከመስታወት መጥረጊያው አልነቀሉም። «ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት» አሉ።

ዞራ አየቻቸው።

«ሌላ ሰው ሊነዳት ነው ሲለኝ ደስ አለኝ። የሰው ልጅ ይገልበጥባት አልኩ። ባለፈው እሁድ ሜዳው ዳር ቆሜ ጫማዬን ነበር የማየው። ሰው ሲጮኽ ነው ማሸነፍሽን ያወቅኩት። አንድም ጊዜ ቀና ብዬ አላየሁሽም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

«ብቻዋን ከምትገለበጥ ብዬ ነዋ!»

ሳቋ አመለጣት። አፏን በእጇ ብትይዘው በአፍንጫዋ ወጣ። አባቷ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ሲንከተከቱ የካልሲ ነጋዴው ጎንበስ ብሎ አያቸው። ሳቁ ሲበርድ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግን ልክ አልሠራሁም። ያንቺ ነው። የፈለገ ቢያስፈራኝ፣ ያንቺን ለሰው ሲሰጥ ዝም ማለት አልነበረብኝም።» እሷም «እሺ አባባ» አለች።

ዝናቡ ሲያባራ መንገዱ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ጊዜው ደግሞ እየሄደ ነው። ወጣች፣ ግን እንዴት ያለ አወጣጥ! በከተማው ካሉት መኪኖች ሁሉ የምትፈጥነው መኪና የቀኝ ዳሯን ይዛ፣ መብራት አብርታ፣ እንደ ነፍሰ ጡር እየተጠነቀቀች ትሄዳለች። ታክሲ አለፋት። የቆሻሻ መኪና አለፋት። ዳቦ የጫነ ብስክሌተኛ አልፏት ዞሮ አየና አዘነላት። «ወደ ግራ ሳብ በይ፤ እዚህ በቀኝ በኩል ውሃ ይተኛል» ይላሉ አባቷ። «ከመብራቱ ወዲያ ያለው አስፋልት ያንሸራትታል፣ አሁኑኑ ቀንሺ።» ይህን መንገድ ስንት ዘመን በአውቶቡስ ተመላልሰውበታል፤ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደተቆፈረ ያውቃሉ። እሷ በእግሯ እየሰማች፣ እሳቸው በዓይናቸው እያነበቡ፣ ሁለቱ አንድ ሹፌር ሆኑ። ቀይ መብራት ላይ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ የሚያብለጨልጭ መኪናውን ጎኗ አቁሞ ሞተሩን አስጮኸ፤ ጎማዎቿን አየ፣ ቀርፋፋ አነዳዷንም ያየ ይመስላል፣ ሳቀ። እሷ መብራቱን ማየቷን ቀጠለች። አባቷ ግን መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አወጡ።

«ውሃ ባይኖር ኖሮ ታያት ነበር!» ብለው ጮኹበት።

«አባባ!»

«ምን አልኩ?» አሉና መስኮቱን ዘጉ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር።

ከከተማው ወጥተው የድሮው የአውሮፕላን ሜዳ አጥር ሲታይ ዝናቡ ያልደረሰበት ደረቅ አስፋልት አገኙ። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ የተቃጠለ ጎማና የነዳጅ ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። ባዶውን የመኪና መጫኛ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። በሌላኛው መንገድ ቀድመዋት ደርሰዋል። ወንድሟ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይንቆራጠጣል። ጎሚስታው ደግሞ የማጠፊያው መስመር ገና ያልጠፋ አዲስ ቱታ ለብሶ፣ የራስ ቁሩን ብብቱ ሥር ይዞ ቆሟል። ትልቅ ሆድና ትልቅ ድምፅ ያለው፣ ሲበዛ ተጫዋች ሰው ነው፤ ቲማቲምን ሲያይ እጁን ዘረጋ። «መጣችልን! እህቴ፣ አመጣሽልን? በይ ውረጂ፣ አሁን ሰዓት የለም!»

አልወረደችም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወንድሟን አየችው። «ንገረኝ። እዚያ ስንደርስ እነግራታለሁ ብለህ የለ? ደርሰናል።»

ወንድሟ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። መልሱ የመጣው ከማይጠበቅ ሰው ነው። የውድድሩ ኃላፊ፣ የድምፅ ማጉያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ። «አሟታል ብለውኝ ነበር። በእሷ ምትክ ሌላ ሰው ይግባ ብለው ሲለምኑኝ ነው ያረፈዱት።»

«እንደሚያዩኝ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው ምትክ ብሎ ነገር የለም። ለፍጻሜ ያለፈው ነጂ ነው እንጂ ቆርቆሮ አይደለም። ወደ መስመር!» ብሎ ሄደ።

የጎሚስታው ፊት እንደ ቲማቲም ቀላ። «እንግዲያው ጎማዬን ፍቱልኝ!» አለና ክሪኩን ከመጫኛው ላይ አንስቶ መጣ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አሁን ወረደች። ድምፅዋ ጀማሪ ተማሪ የምታረጋጋበት ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ፍታው፣ የራስህ ነው፣ ማንም አይከለክልህም። ግን በሩን እየው። ያ ሁሉ ሰው የሱቅህን ስም እያነበበ ነው። ጎማ ፈትተህ አሮጌ መኪና በክሪክ ላይ ከተውካት፣ ከነገ ጀምሮ ስምህ ሲነሳ የሚታወሰው ይሄ ነው። ከሮጠች ግን የሚሮጠው ያንተው ስም ነው።» ጎሚስታው በሩን አየ፣ ሰዉን አየ፣ የታጠፈ ቱታውን አየ። እጁ ክሪኩ ላይ ላላ። ያኔ ወንድሟ መጥቶ ክሪኩን ከእጁ ወሰደበት። «ተወው ወንድሜ» አለው። «ጥፋቱ የኔ ነው። የኔ ያልሆነ ነገር ነው ቃል የገባሁልህ።» ከዚያ ከኪሱ ካቻቪቴ አውጥቶ ተንበርክኮ፣ በመንገድ የተለጠፉትን ጠጠሮች አንድ በአንድ ከጎማው ላይ መንቀል ጀመረ።

«እታለም...» አለ ቀና ብሎ።

«አሁን አይደለም» አለችው። «ጠጠሩን ልቀም።»

አባቷ ወርደው ዳር ቆሙ፣ እሷም የራስ ቁሯን አጠለቀች። መነሻው መስመር ላይ፣ ጎማው ተሽከርክሮ እንዲሞቅ፣ ውሃ አፈሰሱላት፤ የኋላ ጎማዎቹን እዚያው እንደቆመች አሽከረከረቻቸው። ጭሱ ነጭ ሆኖ ተነሳ፣ መስኮቶቹን ሸፈነ፣ ሽታው አንጎሏ ውስጥ ገባ። ጎማዎቹ ሲሞቁ መኪናዋ ተለወጠች። በመንገድ ስትወላገድና ስትንሸራተት የዋለችው ፍጥረት አስፋልቱን ጥርቅም አድርጋ ያዘች፤ ነዳጁን ስትነካው ከመንሸራተት ይልቅ ልትነሳ የምትፈልግ አውሬ ሆነች። በድምፅ ማጉያው ኃላፊው ይጮኻል፤ «በቀኝ በኩል የጥርስ ሐኪማችን! በግራ በኩል እትዬ ቀስ፣ ጥርስ በሌለው ጎማ! ዶክተር፣ ሥራ መጣልዎት!» ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የጥርስ ሐኪሙ ራሱ በመስኮት እጁን አውለበለበላት። እሷ አላየችውም። እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ሞተሩ ሊይዝ ሲል ያቺን ትንሽ ንዝረት በወገቧ ትጠብቃለች፤ ከስንት ጀማሪ እግር ሥር የሰማቻትን ንዝረት። ቢጫ። ቢጫ። መጣች።

አረንጓዴ ሲበራ ቲማቲም አልሄደችም፣ ተተኮሰች። አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሳ፤ የታየው ሰማይ ብቻ ነበር፤ ጀርባዋ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፣ ጉንጮቿ ወደ ጆሮዋ ሸሹ። ሁለተኛ ማርሽ። አፍንጫዋ ወረደ፣ አስፋልቱ ተመለሰ፣ በቀኟ ማንም የለም። ሦስተኛ። በቀኟ የነጯ መኪና ኮፈን እንደ ዓሣ ብቅ አለ። የሐኪሙ ሞተር ይበልጣል፣ ታውቃለች፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ የፊት ጎማው ከበሯ እኩል ሆነ። አራተኛ። እየጮኸች እንደሆነ ያወቀችው በኋላ ነው፤ የምትለው ደግሞ «ቀስ!» አልነበረም፤ «ነይ! ነይ! ነይ!» ነበር። መስመሩ ከሥራቸው አለፈ። ማን እንደቀደመ አላየችም። መኪናዋን አብርዳ ስትዞር ነው ሰዉ ወደ ግራው መስመር ሲሮጥ ያየችው። የግማሽ ኮፈን ያህል ቀድማዋለች።

ጎሚስታው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ቱታው እስከ እምብርቱ ተከፍቶ «ጎማዬ! ጎማዬ!» እያለ ያለቅስ ነበር፤ ጎማዎቹን ሳማቸው፣ ከንፈሩ ጠቆረ። የጥርስ ሐኪሙ መጥቶ ጨበጣትና «በአነሳሱ ነው የበላሽኝ» አላት። ወንድሟ ሰዉ ሲቀንስ መጣ። እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት ሲል መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ አቆመችው። «ስለ እኔ የምትስማማው ነገር ካለ፣ እኔ ባለሁበት ተስማማ። ዕድሏ ነው ያልከውን ደግሞ ሰምቻለሁ።» ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ዕድል አይደለም» አለ፤ «ቀናሁብሽ መሰለኝ። እኔ ሠርቻት ሁሉም የሚጠራው አንቺን ነው።» ይህን አልጠበቀችም። ንዴቷ አልጠፋም፤ ግን መዳፏን ከደረቱ ላይ አነሳች፣ እሱም አቀፋት፣ በዘይት የጠቆረ እጁ ጀርባዋ ላይ ታተመ። ጥቂት ቆይታ ኃላፊውን ጠርታ «ይሄን ሞተር የሠራው እሱ ነው፤ በማጉያው ተናገርልኝ» አለችው። ሰዉ ሲያጨበጭብ ወንድሟ የሚገባበት አጣ።

ከፍጻሜው በኋላ ሜዳው ለፈለገ ሁሉ ክፍት ይሆናል፤ ሰው የሚስቱን መኪና፣ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ሳይቀር እያመጣ ይሞክራል። አባቷ ከዳር ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ ወደ ኃላፊው ተጠጉ። ኮታቸውን ቆልፈዋል።

«ሰው መጫን ይፈቀዳል?» ብለው ጠየቁ፣ እንደ አውቶቡስ ሹፌር።

ኃላፊው «የራስ ቁር ያለው ይጫናል» አላቸው። ጎሚስታው ያልተነካውን የራስ ቁሩን በክብር አበረከተ። ወንድሟ አጠለቀላቸው፣ አገጫቸው ሥር አሰረላቸው፤ ቀበቶውን ግን «ተው፣ አውቀዋለሁ» ብለው ራሳቸው አሰሩት። እሷ አየቻቸው። የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው። «አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት? ጫማዎን ማየት አይቻልም፤ ወንበሩ ላይ ነው የሚለጠፉት።» አባቷ ጣታቸውን ወደ መብራቱ ቀሰሩ። እሷም ጎማዎቹን አሞቀች፣ ንዝረቷን ጠበቀች፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

መንገዱ ጫፍ ላይ ደርሳ ቀስ ብላ አቆመች። ሞተሩ እየበረደ ጠቅ ጠቅ ይላል። በሜዳው ጫፍ ሳር ብቻ ነው ያለው፤ የሕዝቡ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። አባቷ አልተንቀሳቀሱም። ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሻቸው የራስ ቁሩን መስታወት አደብዝዞታል።

«አባባ» አለች ደንግጣ። መስታወቱን ከፍ አደረገችላቸው። «ደህና ነዎት? አባባ?»

አባቷ ወደ ኋላ ዞረው የመጡበትን ረጅም መንገድ አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። ፊታቸው ላይ አይታው የማታውቀው የልጅ ፈገግታ ነበር።

«ድገሚው» አሉ።